በሶምሶማዬ ስለተተከለው የለቅሶ ድንኳን

ለተከበሩ አቶ ጠና ኤርሲዶ
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር
ሆሳዕና

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የእኔን ጤና በተመለከተ እድራችን ሳይጠይቀኝ ስለወሰነ፣ ይህ ደብዳቤ በሕይወት ካለ አባል የተጻፈ መሆኑ እንዲታወቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

እንደሚያውቁት ታላቅ ወንድሜ ዮሴፍ በሃምሳ አንድ ዓመቱ በልብ ሕመም ድንገት ተለየን። እኔም ዘንድሮ ሃምሳ አንድ ሞላኝ። ደሜ ሲመረመር ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ከሚገባው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር አዜብም የዘወትር ሩጫ ይህን ስብ እንደሚቀንስ፣ ጥሩ የሚባለውንም ኮሌስትሮል ከፍ እንደሚያደርግ አስረድተው፣ ቅቤ ቀንሼ በሳምንት አምስት ቀን አርባ አርባ ደቂቃ ሶምሶማ እንድሮጥ አዘዙ፤ ለሦስት ወርም ቀጠሩኝ። ፈርቼ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ። በዚህ መሐል ለዋሉልኝ ውለታ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ በመጀመሪያው ሰኞ ማለዳ በደጅዎ ሳልፍ አይተውኝ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ያለ መርዶ እንደማይሮጥ ስለሚያውቁ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ እጄን ብቻ ማንሳቴንም ከሐዘን ስለቆጠሩት፣ ወዲያው ጥሩምባ ስላስነፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስመለስ ድንኳኑ በግቢዬ ተተክሎ፣ ባለቤቴ ጣቢታም ማን እንደሞተ ሳታውቅ ከለቀስተኛው እኩል ታለቅስ ነበር። በቁምጣ፣ ላብ በላብ ሆኜ ስገባ ለቅሶው ባሰ።

2ኛ/ ማንም አለመሞቱ ሲረጋገጥ፣ ከአንጋጫና ከቦኖሻ ድረስ የመጣ ዘመድ ባዶ ሆዱን አይመለስም ብለው ለቅሶውን ወደ ድግስ ስለቀየሩልኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ አተካና የምንለውን ቅቤ የሚንሳፈፍበት የቡላ ገንፎ ይዞ መጣ፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነም ሦስት ቀን ሙሉ ጎረስኩ። በሦስቱም ቀን አልሮጥኩም።

3ኛ/ ዳግም እንዳንሳሳት በሚል፣ እኔ ስሮጥ ያየ አባል ሁሉ አስቁሞ ደህንነቴን እንዲጠይቅ በስብሰባ ስላስወሰኑ እጅ እነሣለሁ። በየሃምሳ እርምጃው ስለ ልጆቼ፣ ስለ ላሜና ስለ ዝናቡ ስጠየቅ ከአርባው ደቂቃ ለሩጫ የሚተርፈኝ አሥራ አንድ ነው። የቸኮልኩ የመሰለው ባለ ባጃጅ ደግሞ ጎትቶ አሳፍሮ ቤቴ ያደርሰኛል።

ባለፈው ዓርብ ዳግም ተመረመርኩ። ስቡ ቀንሷል፤ የቀነሰው ግን የአሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዶክተሯ መድኃኒት ሊጽፉልኝ ብዕር ካነሱ በኋላ ለምኜ ሌላ ሦስት ወር አገኘሁ። አቶ ጠና፣ ዮሴፍን የቀበርነው አብረን ነው። ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ሳያበቃ ሄደ፤ እኔ የእኔን ማየት እፈልጋለሁ። ስለዚህ እድራችን እስክሞት ድረስ እንዲታገሠኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማያቋርጥ ላብ ጋር፣
ቀብሩን ላለማፍጠን የሚተጋው አባልዎ
መምህር ነህምያ ሄራሞ

ግልባጭ፦ ለጥሩምባ ነፊያችን ለአቶ ሳህሉ

ማስታወሻ፦ ዓርብ ዕለት በደም ምርመራው ሰልፍ ከኋላዬ በጋቢ ተሸፋፍነው የቆሙት እርስዎ መሆንዎን ለማንም አልተናገርኩም። ነገር ግን ከሰፈራችን ርቆ አዲሎ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ትናንት ደውሎ፣ ሊቀመንበራችሁ እዚህ ድረስ መጥተው በማለዳ በቁምጣ ሲሮጡ አየሁ፣ ማን ሞቶባቸው ነው ይለኛል። ምን ልመልስለት?