በጀይላን መመዘኛ ላይ የጻፍኩት

ከሚሴ፣ ሰኔ 23 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህት ዓለሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። አካም ጅርታ? ጉልበትሽን የያዘሽ ውጋት ለቀቀሽ ወይ? የባቲ ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ አማን ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። እዚህ ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ የጨፋ ሜዳ ጭቃ ሆኗል፤ ቦርከናም መሙላት ጀምሯል።

መልእክትሽ ደርሶኛል፤ ለሰደቃ የላክሽው ሙክትም ደርሷል። ልጄ አሳፍሮሃል፣ አስተምረኸው ባንተው ላይ ጉድ አመጣብህ፣ ለእኔ ስትል አውፍ በለው ብለሻል። ወላሂ፣ ያንን ደጋግሜ አነበብኩት። መጥቼ በቃሌ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ፊትሽን የማይበት ዓይን አጣሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የሕክምና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ሁለት ወር እኔ ዘንድ፣ ከሚሴ ጤና ጣቢያ፣ የሚላኩት ድንገተኛ ሕክምና እንዲለማመዱ ነው፤ እዚህ አውራ ጎዳና ላይ አደጋ አይጠፋማ። መብቃት አለመብቃታቸውን ሠላሳ ጥያቄ ባለበት ወረቀት ላይ የምሞላው እኔ፣ አሮጌው ጤና መኮንን ነኝ። አፋቸውን አልሰማም፤ የማየው እጃቸውን ነው። ደም ሲያዩ ይንቀጠቀጣል? ከአሥር ቁስለኛ ማንን ያስቀድማሉ? የጮኸውን ያስቀደመ ገና ነው እላለሁ፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ይህን ለስንቱ ሐኪም አስተምሬያለሁ መሰለሽ። አይ እኔ!

ጀይላን ሲመጣ የእህቴ ልጅ ነው ብዬ አላቀማጠልኩትም። እንዲያውም አስመረርኩት። ሰዓቴን ይዤ ከአጠገቡ ቆሜ ጉሉኮስ አስተክለዋለሁ፤ ዘገየህ፣ ድገመው እለዋለሁ፤ ፈገግ ብሎ ይደግመዋል። ልጅሽ እጁ የአላህ ስጦታ ነው። ይህን አንድ ቀን እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ያን ረቡዕ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ሰው ጭኖ የሚመለስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ወንዙ አጠገብ ተገለበጠ። አሥራ አራት ቁስለኛ ባንድ ጊዜ ግቢውን ሞላው። ጎጃሜዋ ሲስተራችን ውስጥ የሕፃን ግንባር እየሰፋች ናት። ደሴ ሆስፒታል የምታደርስ አንዲት ላንድሮቨር አለችን፤ አስተኝታ የምትወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጭኑ የተሰበረ ነጋዴ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ረቢአ የምትባል ሴት ደግሞ ሻርፗን ተከናንባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አንድ ጭረት እንኳ አይታይባትም። ጀይላን ሌላውን ሁሉ አልፎ እሷ ዘንድ ሄደ። የእጇን ትርታ ይዞ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ ልቧ እየሮጠ ነው፣ ላቧም ቀዝቃዛ ነው፣ ሆዷን ገልጬ ልያት፣ ውስጡ ደም ካለ በመኪናው መሄድ ያለባት እሷ ናት አለኝ።

ባሏ አብዶ መሀል ገባ። ይህ ሁሉ ሰው እያየ ሚስቴን አትገልጧትም አለ። አብዶን አውቀዋለሁ፤ ጁምዓ ጎን ለጎን ነው የምንሰግደው። ግቢው ሙሉ ሰው እኛን ያያል። ጀይላን አጎቴ ምን ይላል ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ በኦሮምኛ “ዲሲ” አልኩት። ተው ማለቴ ነው። ደህና ናት፣ አታቃስትም እኮ አልኩት። ዝም ያለውን ፍሩ እያልኩ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ! አንሶላ ጋርዶ ሲስተሯን መጥራት ምን ያህል ይፈጅ ነበር? አፈር ልብላ፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ላንድሮቨሯ ነጋዴውን ይዛ ሄደች። ረቢአ ዐስር ሶላት ላይ ውሃ ስጡኝ አለች፤ ውሃው ሳይደርስላት ሞተች።

ከዚያ ከበላይ ኮሚቴ መጣ። ሊቀመንበሩ፣ ይህ ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር? ብሎ ጠየቀ። አሻጥር! አምና በዚህች ቃል የተወሰደ አንድ የሥራ ባልደረባችን የት እንዳለ እስከ ዛሬ ሚስቱ አታውቅም። ሳትመረመር ትቅር ያለው ማን ነው ሲሉኝ፣ እጩ ሐኪሙ ነው አልኩ። በመመዘኛውም ላይ ቁስለኛን ገልጦ መመርመር ከሚለው ፊት ለፊት “አልቻለም” ብዬ ጻፍኩ። ከታች “ለድንገተኛ ሕክምና ብቁ አይደለም” ብዬ ፈረምኩበት። እውነት ነው ወይ ብለው ጀይላንን ጠየቁት። መሬት መሬት እያየ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ አለ። እኔም ልጅ ነው፣ አንድ ዓመት ቢደግም ምን ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አሁን ግን ከትምህርቱ ተሰርዞ ለውትድርና ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ሐምሌ አምስት ቀን ይወስናሉ። ወደ ሰሜን የሄዱ ልጆች እንዴት ሆነው እንደሚመለሱ የማየው እኔ ነኝ፤ በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፉት።

ሙክትሽን ለረቢአ ሰደቃ እንዳልሽው ራሴ ጎትቼ አብዶ ቤት ወሰድኩት። የልጁ እናት ናት የላከችው፣ አውፍ በሉን ብላለች አልኩት። አብዶ ገመዱን አልተቀበለኝም። ልጁ ምን አደረገና ነው? ልያት ሲል ያስቀረነው እኔና አንተ አይደለንም ወይ? አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸም። እኔ የራሴን ጥፋት ለአላህም ለረቢአ እናትም ተናግሬያለሁ፣ አንተስ ለማን ተናገርክ? አለኝ። ሙክትሽን እየጎተትኩ በከሚሴ ገበያ መሀል ተመለስኩ። ያገኘኝ ሁሉ በስንት ገዛኸው ይለኛል።

በማግስቱ መመዘኛውን እንደገና ሞላሁ። ልጁ ገልጬ ልያት ማለቱን፣ የከለከልኩት እኔ መሆኔን፣ በሠላሳውም ጥያቄ ብቁ መሆኑን ጽፌ፣ አብዶንም በምስክርነት አስፈርሜ ለኮሚቴው ላክሁ። አንዱ ቅጂ ከዚህ ጋር ተጣጥፎ አለ፤ ሐምሌ አምስት ጀይላን ይዞት ይቅረብ። ለእኔም መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ሰኞ ደሴ ቅረብ፣ ብርድ ልብስ ይዘህ ና የሚል ነው።

እህት ዓለሜ፣ አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም፤ ይህን የሚያነብልሽ ያው ውሳኔው እስኪሰጥ አንቺ ዘንድ የተቀመጠው ጀይላን ነው። ያንቺንም ደብዳቤ የጻፈልሽ እሱ ነው፤ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ልጄን አውፍ በለው ስትይው ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈው፤ ላንቺ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰልሽም። እንግዲህ ፍቀጂልኝና ሁለት ቃል ለእሱ ልናገር።

ጀይላን፣ አውቅሃለሁ። ይህን መጀመሪያ ለብቻህ ታነበውና፣ አጎቴ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል ብለህ ልታጥፈው ነው። እንዳታደርገው! አንዴ ሸፍነኸኛል፤ እሱም በቁሜ ገድሎኛል። ሳትዘል፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት። ብታለቅስ አታባብላት፤ ብትረግመኝም አፏን አትያዝ፣ ይገባኛል። ተው ስልህ ሰምተኸኛል፤ አሁን አንብብ ስልህም ስማኝ።

አላህ ረቢአን ጀነት ያግባት። እህት ዓለሜ፣ አንቺን ዕድሜና ጤና ሰጥቶሽ ልጅሽን ከዓይንሽ ሥር አያርቅብሽ። ስንቅ ብለሽ ወደ ደሴ እንዳትንከራተቺ፤ ጉልበትሽ አይችልም።

በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝ
ወንድምሽ