መሣሪያ ያልያዘ አይሄድም

ዓርብ፣ ኅዳር 5። በእኛ ከቀኑ 8 ሰ.

ፓምፑን ወሰዱብኝ። ደብተሬ፣ ይኼን ያዝልኝ።

ጠዋት እንደ ወትሮው ካርቲየ 2 ሰፈር፣ ጋሽ ሲሳይ ግቢ። ሰሌን ላይ የጋራው ዕቃ ተዘርግቷል፤ ካላማዳሪ፣ የጎማ ራጅ፣ የፍሬን ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። በብስክሌት ድንበሩን ተሻግረን ድሬዳዋ እስክንደርስ የሚበጠሰውንም የሚተነፍሰውንም እኛው ነን የምንጠግነው፤ መንገዱ ላይ ከፍየልና ከድንጋይ በቀር ማን አለ? አራት ነን። ጋሽ ሲሳይ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ሁላችንንም ይቀድማሉ። ፀጉር ሠሪዋ ማርታ። መካኒካችን ሮብሌ። እና እኔ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ። የጋሽ ሲሳይ ሕግ አንድ ነው፦ መሣሪያ ያልያዘ አይሄድም። ሁሉም ከጋራው ዕቃ ድርሻውን ይሸከማል።

የእኔ ድርሻ ፓምፑና ሦስት ካላማዳሪ ነበር። ዛሬ ሮብሌ ፓምፑን ከእኔ ፈትቶ ማርታ ብስክሌት ላይ አሰረው። ለምን ብለው ለሚዛን ነው አለኝ። የምን ሚዛን? ጋሽ ሲሳይን ዞሬ ባያቸው ሳል መጣባቸው። ጉንፋን እንኳ የለባቸውም!

ነገር አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ቤ/ክ ተሳልሜ ወደ ግቢው። ስገባ ሦስቱም ዝም። ማርታ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም።

ካላማዳሪዎቹም ሄዱ። ሁለቱ ጋሽ ሲሳይ ጋ፣ አንዱ ሮብሌ ጋ። ለእኔ የቀረኝ ማስቲሽና ልጥፍ፤ በመሐረብ የሚቋጠር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ፤ እኔም ቀስ በቀስ ከጉዞው እየወጣሁ ነው።

ሌላም አለ። ሮብሌ አጎንብሶ ብስክሌቴን ከኋላ በስንዝር ሲለካ ደረስኩበት። ሲያየኝ ጎማውን የሚጠርግ መሰለ። ለማን ነው የሚለካው? የማርታ እህት ባለፈው የብስክሌቴ ኮርቻ ለእሷ ቁመት ይሆን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። ያኔ ስቄ አልፌዋለሁ። አሁን ገባኝ። እኔ ልቀር፣ እሷ በእኔ ብስክሌት ልትሄድ።

ፊት ለፊት አይናገሩም እኮ! የእኛ ሰው ውጪ አይልሽም። ወንበሩን ቀስ አድርጎ ይስብና፣ ውይ፣ እኔን፣ ወደቅሽ? ይልሻል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። 8 ሰ.፣ ቤቱ ሁሉ የቀን እንቅልፉን ተኝቷል

ቤዛ ደወለች። ልጄ። ድሬዳዋ እህቴ ጋ ነው ያደገችው፣ አሥራ ሰባት ሞላት። በብስክሌት እመጣለሁ ስላት ወር ሙሉ ሳቀችብኝ፤ አሁን ደግሞ ለጓደኞቿ ሁሉ ነግራ የከተማው መግቢያ ላይ ቆመው ሊጠብቁኝ ነው። "እማ፣ እንዳታዋርጂኝ" አለች።

አሠሪዬን ማዳምን ቤቷ በገባሁ በስድስተኛ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ለምኜ ያገኘሁት ለዚህ ነው። አሁን ቀረሁ፣ አስቀሩኝ ልበላት? ሞቼ ነው ቆሜ!

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ ጠርጥሬያለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አደረግኩት።

የብስክሌት ካቴና መፍቻዋን ወሰድኳት። አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት፤ ካቴና ሲበጠስ ፒኑን ገፍታ የምታወጣው እሷ። ያለችን አንዲት ብቻ። ያለ እሷ ጋሽ ሲሳይ ከበር አይወጡም። ሮብሌ ዕቃውን ወደ ሣጥኑ ሲመልስ ቀሚሴ ኪስ ገባች። አሁን ማድ ቤት፣ የእኔ በርበሬ ጣሳ ውስጥ ተቀብራለች። ማዳም በርበሬ ትፈራለች፣ አትነካውም።

ቅሪ ያሉኝ ቀን አወጣታለሁ። መሣሪያ ያልያዘ አይሄድም አይደል የሚባለው? ይኸው ያዝኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ምነው እግሬን በሰበረው።

ጋሽ ሲሳይ ዝርዝሩን እያነበቡ ካቴና መፍቻ አሉ። ሣጥኑ ተገለበጠ። የለችም። ሰሌኑን ሮብሌ ራሱ አንሥቶ አራገፈው። የለችም። የሣጥኑ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ማርታ፣ አፏ አያርፍ፣ ቁልፍ የያዘ ያውቃል አለች። ሮብሌ ወላሂ አለ።

ሰሌኑ ላይ ቆሞ ኪሱን ገለበጠ። የሱሪውን ግራ ቀኝ፣ የኋላውን፣ የሸሚዙን። የቤት ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የልጁ ከረሜላ። የኪሶቹ ጨርቅ ውጭ እንደተንጠለጠለ "በቃ?" አለ። የሣጥኑን ቁልፍ ጋሽ ሲሳይ እግር ሥር አስቀመጠ። ከሚጠረጥረኝ ሰው ጋር በረሃ አልገባም ብሎ ወጣ።

እኔ ዝም አልኩ። ማስቲሼን ታቅፌ።

ደግሞ አያፍርም ልቤ፤ ይኼም ትያትር ቢሆንስ እያለ ይጠረጥራል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2። 8 ሰ.

መነሻው ነገ ነው። ጋሽ ሲሳይ ሌላ መፍቻ አጥተዋል። ያለ መካኒክ፣ ያለ መፍቻ እንሂድ እንቅር አልወሰኑም።

ጠዋት ገበያ ስወጣ ግቢው ጎራ አልኩ። ብስክሌቴ ላይ አዲስ የኋላ መጫኛ ተገጥሟል። ጥቁር ቀለም፣ ብየዳው ድርብ። ፓምፑ ተመልሶ ታስሯል። ካላማዳሪዎቹም ሦስቱም።

ማርታ ነገረችኝ። አሮጌው መጫኛ ከሥር ብየዳው ተሰንጥቆ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ቢወልቅ ጎማው ውስጥ ገብቶ ይጥለኝ ነበር። ያየው ሮብሌ ነው። ሸክሟን ቀስ እያላችሁ አንሱላት፣ ቤቴ አዲስ እየበየድኩላት ነው፣ እንዳትነግሯት፤ ብስክሌቱ የማዳሟ ስጦታ ነው፣ መሰንጠቁን ከሰማች አፍራ ትቀራለች ብሎ። ስንዝሩ ለዚህ ነበር። ሰኞ ለት ዝም ብሎ መጣ፣ ገጠመ፣ ሄደ። ያንን ሁሉ ተብሎ! ጋሼ ደግሞ ውሸት አያውቁበትም፣ ሲጨንቃቸው ይስላሉ አለችኝ ማርታ፣ እየሳቀች።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም። እኔ ነኝ። አፈር ልብላ።

ከጣሳው አወጣኋት። ሦስቴ በሳሙና አጠብኳት፣ አሁንም በርበሬ በርበሬ ትላለች። ሰሌኑ ሥር አገኘኋት ማለት ይቻላል። ደስ ብሏቸው ማንም አይመረምርም። ሰሌኑን ያራገፈው ግን ሮብሌ ነው፤ እሱ ያውቃል። ባያውቅስ፣ እኔ አላውቅም?

ወሰንኩ። አሁኑኑ ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር፣ ሮብሌ ቤት እሄዳለሁ። ነገ ጠዋት ግቢው ና እለዋለሁ። እምቢ ካለ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ እሱ የቆመበት ቦታ ቆሜ፣ ሦስቱም እያዩ፣ የቀሚሴን ኪስ እገለብጣለሁ። ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ። ለቤዛም ራሴ እነግራታለሁ፣ ምክንያቱን ጭምር።

ማዳም ተነሥታለች፣ ትጣራለች። ትጣራ። ጫማዬን አድርጌያለሁ።