አልረቱኝም ብለህ ጻፍላቸው

ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ይድረስ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ምን ልዋሽህ፣ ደህና አይደለሁም።

የአባባ ጆሮ ጨርሶ ከድቷቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ፒያኖ ያስተማሩ ሰው ዛሬ በር ሲንኳኳ እንኳ አይሰሙም፤ ስለዚህ በስልክ አትድከም። ጣታቸው ግን አልከዳቸውም ነበር። በየማለዳው ያንን የሚወዱትን፣ ሶናታ የሚባለውን ረጅም የፒያኖ ድርሰት ይጫወቱና «አሁንስ ያ ግትር ምን ይል ይሆን?» ይሉ ነበር። ግትሩ አንተ ነህ።

ሮማንቲክ በሚባለው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን ለፒያኖ ብቻ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው እያላችሁ ስትነታረኩ እኔ የቀዘቀዘ እራት እየበላሁ ነው ያደግኩት። እሳቸው ሶናታው ይላሉ፣ አንተ ባላድ የሚባለውን ትረካ መሰል ድርሰት ትላለህ። «ሶናታዎ ግማሹ መንደርደሪያ ነው» ስትላቸው፣ «ያንተ ባላድ ደግሞ አልቅሶ የማይወጣለት ልጅ ነው» ይሉሃል። አንዳችሁም ረትታችሁ አታውቁም።

ባለፈው ወር ቅንድብ ልኩል ብዬ ዓይን አጠፋሁ። ሲተክዙ አይቼ ደስ እንዲላቸው፣ በመሥሪያ ቤቴ ታይፕ ባንተ ስም ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ «አባባ፣ ረትተውኛል፣ ሶናታው ይበልጣል» የሚል። አንብበው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቆይተው «ልጄ በሕይወት እያለ እጅ አይሰጥም። ሞቷል፤ መርዶውን ደብቃችሁኛል» አሉ። እኔ ነኝ የጻፍኩት ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አላመኑኝም። ፎቶህን ባሳያቸው «የድሮ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፒያኖው አልተከፈተም። ሾርባ ሁለት ማንኪያ ይቀምሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሐኪሙም ተስፋ የቆረጠን ሰው መድኃኒት አያድነውም ብሎኛል። ወንድም ጋሼ፣ ጨንቆኛል፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

እዚያ ባሕር ማዶ የመኖሪያ ወረቀትህ ስላላለቀ መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ። ግን በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ በገዛ እጅህ ጽፈህ ተከራከራቸው። ባላዱ ይበልጣል በል፣ አራት ገጽ ሙላው። ሶናታው መሃል ላይ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ የሚቸኩልባትን ቦታ ካንተ በቀር የሚያውቃት የለም፤ እሷን አንሳባቸው። እንዳትራራላቸው። ከራራህላቸው ይሞቱብኛል።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጅህንም ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችን እንደምን ነህ ብላሃለች፤ ባለቤቴም እንዲሁ። አባባ ግን ሰላምታ አልላኩልህም፤ ለሞተ ሰው ሰላምታ አይላክም አሉኝ።

እህትህ፣
ከተዘጋው ፒያኖ አጠገብ፣
ጥር 19 ቀን 1987