ሳልነግራችሁ ላወቃችሁኝ

ይድረስ ለተከበሩ ኢንጂነር ኪቴቱ ሙንያኦ፣
የሞምባሳ የባጃጅ መጥሪያ መተግበሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የጣፈጠ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ምዋናኮምቦ ሼ እባላለሁ። ኪሳኡኒ ሰፈር ብቻዬን እኖራለሁ፣ በአንድ ክሊኒክ ስልክ እመልሳለሁ፣ ዓይኖቼም ከልጅነቴ ጀምሮ አያዩም። ይህ የመጨረሻው ለክቡርነትዎ አዲስ ወሬ አይደለም፤ የጠቀስኩት ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስል ነው።

ባለፈው ዓመት ያቀረብኩትን አቤቱታ ያስታውሱ ይሆናል። ስልኬ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ እያነበበ የሚነግረኝ ፕሮግራም አለው፤ እኛ ዓይነ ስውራን ስልክ የምንጠቀመው በእሱ ነው። የእናንተ መተግበሪያ ላይ ሲደርስ ግን ለቁልፎቹ ስም የሰጣቸው ስለሌለ፣ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም ነበር። ስም ይሰጣቸው ብዬ ለመንኩ። ከብዙ ዝምታ በኋላ በሬዲዮ ቀርባችሁ፣ መተግበሪያችን ከእንግዲህ ድምፅ አንባቢ የሚጠቀሙ ደንበኞችን ራሱ ለይቶ ያውቃል፣ ይንከባከባልም ስትሉ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤቴ ቢ ዙሁራ ሰርግ ያለ መስሏት መጣች። ስለ እንክብካቤያችሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ለይታችሁ ስላወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ቁልፎቹ ግን ዛሬም ስም የላቸውም። ዓይነ ስውርነቴን የሚያውቅ ባለሙያ ያላጣ ድርጅት፣ «ባጃጅ ጥራ» የሚሉ ሁለት ቃላት የሚጽፍ ሰው እንዴት አጣ ብዬ አልጠይቅም፤ ሥራ በዝቶባችሁ ነው።

ሁለተኛ፤ ቢ ዙሁራ የእኔንና የእሷን ስልክ ጎን ለጎን አድርጋ ስታይ፣ «ጉዞ ሰርዝ» እና «እርዳታ ጥራ» የሚሉት ቁልፎች ከእኔ ስልክ ላይ የሉም። የደንበኛ አገልግሎታችሁን ብጠይቅ፣ በስህተት እንዳትነኪያቸው ተብሎ ነው አሉኝ። የማላውቀው ሰው በማላውቀው መንገድ ሲነዳኝ ይህን አሳቢነታችሁን ባስታወስኩ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል።

ሦስተኛውን የነገረኝ ቼንጎ የሚባል ሾፌራችሁ ነው። ደጃፌ ላይ ደርሶ፣ ገና ሳልናገር፣ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። እንደማላይ ማን ነገረህ አልኩት።

«ስልኩ ነዋ፣ እትዬ። አንቺ ስትጠሪ መስመር የተሰመረበት የዓይን ምልክት ስልካችን ላይ ይመጣልናል፤ ተሳፋሪዋ አታይም ይላል። ቤትሽም አብሮ ይታያል።»

«ለአንተ ብቻ ነው አይደል?»

«ኧረ በአካባቢው ላለን ሾፌር ሁሉ ነው። አንዱ ይወስድሻል፣ ሌላው ቤቱን አይቶ ይቀራል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጆቹ ያወሩበታል፣ እትዬ። ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። በርሽን ዝጊ።»

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። የማላውቀው ድምፅ ባጃጅ ጠርተሻል አለኝ። አልጠራሁም አልኩ።

«ነክተሽው ይሆናላ። አታይም አይደል?» አለ፣ ረጋ ብሎ።

ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። የሞተር ድምፅ የለም፤ የመጣው በእግሩ ነው። ቢ ዙሁራ እጣቢ ልትደፋ ወጥታ «አንተ፣ ማንን ፈልገህ ነው?» እስክትለው ድረስ ከበሬ ላይ ንቅንቅ አላለም። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ አልከፍትም፤ ከበሩ ውጭ የሚተነፍስ ሰው ቢኖር ልስማው ብዬ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እናንተን ጅብ አላልኩም።

ምልክቱ እንዳይወጣብሽ ከፈለግሽ ድምፅ አንባቢውን አጥፊው ብለው የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞቻችሁ መክረውኛል። ካጠፋሁት ስልኬ ድንጋይ ነው። ምርጫ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ምልክቱንና ቤቴን ከሾፌሮቹ ስልክ ላይ አጥፉልኝ፤ እንደማላይ መንገር ካስፈለገ ለመረጥኩት ሰው እኔው እነግረዋለሁ። የወሰዳችኋቸውን ሁለት ቁልፎች መልሱልኝ። ለሁሉም ስም ስጧቸው።

ሰፊው ጊዜዎ ሲፈቅድ ምላሽዎን በታላቅ አክብሮት የምትጠባበቅ፣ በሯን ከውስጥ ቀርቅራ፣ ከመቀርቀሪያው ጀርባም ጠረጴዛ አስደግፋ የተቀመጠች ታማኝ ደንበኛዎ፣

ምዋናኮምቦ ሼ

ማሳሰቢያ፦ ቼንጎ ክብርት እናትዎም ዓይናቸው ደክሞ ስልካቸው በድምፅ እንደሚያነብላቸው አጫወተኝ፤ እግዚአብሔር ይማርልን። እሳቸውን አግኝቻቸው አላውቅም። ነገር ግን የሚኖሩበትን ሰፈር፣ የበራቸውን ቀለምና ሠራተኛቸው የማትኖርበትን ቀን አውቃለሁ፤ እሳቸውም ባጃጅ በጠሩ ቁጥር ያው ምልክት ስለሚወጣባቸው፣ ለቼንጎ የነገሩት ሌሎች ሾፌሮች ናቸው። ዝርዝሩን እዚህ ያልጻፍኩት ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ማንም ስለሚያነበው ነው።