ያልቆመው የወይራ ምሰሶ

ይድረስ ደሴ ላለው ወንድሜ ለኪዳኑ። ተናድጄብህም ቢሆን፣ እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስደውል ስለማታነሣ ነው የጻፍኩት።

እዚህ ለምታሠራው ቤት «ባሕር ዛፍ ምስጥ ይበላዋል፣ የቤቴ ምሰሶ ወይራ ይሁን» ብለህ አዘዝክ። ባሕር ዛፉ ከጓሯችን ሞልቷል፤ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ወይራ ግን እዚህ ሰቆጣ ዙሪያ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ከየት ይመጣል? አባየ ከደጃችን የነበረውን፣ አያታችን የተከሉትን ቆረጡልህ። ይኸው አሁን ከብቶቹም እኛም ፀሐይ ላይ ነን።

አናጢው ዋሴ ሊያቆመው ሲመጣ አባየ «ምሰሶ ባለቤቱ ሳይዘው አይቆምም» ብለው መለሱት። ግንዱ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ተጋድሞ ከረመ። አባየ የሚውሉት እሱ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ሲነሡ እኔ ነኝ የምደግፋቸው። ከቅርንጫፉ ምርኩዝ አስጠርበዋል። አንተ ስትሄድ ምርኩዝ አልነበራቸውም።

ከጉቶው አጠገብ የወይራ ችግኝ ተክለዋል። «ለማን ሊደርስ ነው?» ብላቸው «ለኪዳኑ ልጅ» አሉኝ። ውኃ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

ወይራ አይነቅዝም ያልከው እውነትህን ነው። ምሰሶህ ሌላ ክረምት ቢጠብቅህም ምንም አይሆንም። እኔ የማወራህ ስለ እንጨቱ ብቻ ነው።

መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ።
እኅትህ ደጅይጥኑ