ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚጥለው የልደታ ዝናብ

ግንቦት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ወርቅአፈራሁ ጋሻው፣
የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤
ካሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ይልቁንም በየካቲት ወር በሬዲዮ የሰማሁት ያ ግርማ ያለው ድምፅዎ ከጉንፋን እንዲጠበቅልን እጸልያለሁ። እኔ፣ ስሜ ቢጠፋብዎ የማልቀየመው፣ በ1992 ዓ.ም. ተማሪዎ የነበርሁት ቃለሕይወት ገብረየሱስ ነኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የምሠራውም እዚያው አቅራቢያ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ትምህርት ክፍልዎ ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአየር ንብረት ለውጥ ላይ እንዲያደርጉ «ይበረታታሉ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፉን ስሰማ፣ ደስታዬ ምሳ አላስበላኝም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ማበረታቻ አልነበረምና፣ ምስጋናዬን እንደ መዝገብ ቤት ሰው በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ የልደታ ዝናብ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያጠና ጽሑፍ አስጠርዤ ባመጣሁልዎ ጊዜ፣ «ሰማይ ሰማዩን ትተህ መሬት ላይ ያለ ነገር ጻፍ» ብለው፣ አዲስ ርዕስ እንድሠራ ሦስት ሳምንት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በሦስቱ ሳምንት ስለ ቀበሌ መዝገብ አያያዝ ጽፌ ተመረቅሁ። ርዕሱም እንጀራዬ ሆኖ፣ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ፋይል እደረድራለሁ።

ሁለተኛ፦ በየካቲቱ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ «ተማሪዎቼን ወደ አየር ንብረት ጥናት መገፋፋት ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሆኖኛል» ሲሉ ያደመጥሁዎት ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበር። ወራጅ አለ ብዬ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድሁና ቀሪውን መንገድ ብቻዬን እያወራሁ በእግሬ ሄድሁ። ሐኪም እንድራመድ ከመከረኝ ቆይቶ ነበርና ለዚህም ባለውለታዬ ነዎት።

ሦስተኛው ቅናት ነው። እሱን በጨዋ ቋንቋ መጠቅለል ስላቃተኝ እንዳለ አቀርበዋለሁ። በዚያ ቃለ ምልልስ በስም ጠርተው ያመሰገኗት የዘንድሮ ተመራቂዎ ራኒያ፣ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ የሚነግዱት የአቶ አብዱሰመድ ልጅ ናት፤ ከፈረሰው ሠፈራችን ጀምሮ ጎረቤቶች ነን፤ አሁንም ምድር ቤት ይኖራሉ። እኔ በዱቄት ወተት ጣሳና በተማሪ ማስመሪያ፣ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዝናብ ስለካ፣ በደብተርም ስጽፍ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ማንም ና አሳየን ብሎኝ አያውቅም። ለእርሷ ግን ለመመረቂያ ጽሑፏ ቁጥር የታተመበት የዝናብ መለኪያ ከውጭ አገር መጣላት። የእኔ ስም ከአፍዎ የወጣው አቴንዳንስ ሲይዙ ብቻ ነው። ቀናሁ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ቀናሁ።

አራተኛ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ራኒያ ያን መለኪያ ያሰረችው ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ባገኘችው ብቸኛ ብረት ላይ ሲሆን፣ ይኸውም የልብስ ማስጫው ሽቦ የተወጠረበት ብረት ነው። ቅዳሜ እርሷ ካምፓስ ስትውል እናቷ ወይዘሮ ሸምሲያ አንሶላውንና ብርድ ልብሱን አጥበው ያሰጣሉ፤ አንሶላው ይንጠባጠባል፣ መለኪያው ያጠራቅማል፣ ልጅቷም እሑድ ጠዋት «የትናንት ዝናብ» ብላ ትመዘግባለች። በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ልደታ ላይ ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ የዘነበው እንዲህ ሆኖ ነው። እርስዎም ይህንኑ የአየር ንብረት መዛባት ማስረጃ ነው ብለው ለሕዝብ አበሰሩ። መለኪያው የሳሙና ጠረን አይመዘግብምና አልፈርድብዎትም።

እኔ ግን ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ከበረንዳዬ ሆኜ አይቻለሁ። ወርዶ «ልጄ፣ መለኪያሽን ከዚህ አንሺው» ማለት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ አልወረድሁም። ሻዬን ይዤ፣ ይበላት እያልሁ፣ ዘጠኝ ቅዳሜ ሙሉ ተመለከትሁ።

ባለፈው ወር ደረጃ ላይ አግኝታኝ ረቂቋን እንዳነብላት በሁለት እጇ ሰጠችኝ። የምስጋናውን ገጽ ስገልጥ «በየጠዋቱ ዝናብ ሲለኩ እያየሁ ላደግሁት፣ ለጎረቤቴ ለጋሽ ቃሌ» ይላል። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለካ አንድ ሰው ያየኝ ነበር፤ ያቺው የቀናሁባት ልጅ ናት። ወዲያው ወርጄ ስለ አንሶላው ነገርኋት። «ታዲያ ጋሽ ቃሌ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ፤ «ቀንቼብሽ ነው» አልኋት። ደብተሮቼን እንዳውሳት ጠየቀችኝና ሰጠኋት።

አምስተኛና መጨረሻ፦ ራኒያ ዘጠኙን ቅዳሜ ለመሰረዝ ቢሮዎ ድረስ ስትመጣ፣ በሬዲዮ የተነገረ ዝናብ እንደማይሰረዝ ገልጸው፣ ወይ እንዳለ እንድታቀርበው፣ ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ርዕስ እንድትቀይር አስጠንቅቀዋታል። ክቡርነትዎ፣ ይህች ሦስት ሳምንት አሁንም አለች እንዴ? እኔ ያኔ እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ያ እሺታዬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እርሷ እሺ አላለችም፤ በዚህም ጭምር ቀንቼባታለሁ።

ስለሆነም ዘጠኙን ቅዳሜ ከነምክንያታቸው ሰርዛ ስትቀርብ እንዳይጥሏት በትሕትና እለምናለሁ። አሥራ አምስቱ ደብተሮቼም ጠረጴዛው ላይ ይኖራሉ፤ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ እገኛለሁ።

ሰማዩን ትቼ መሬት ላይ እንድቀር የረዱኝን ባለውለታዬን ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለቃልዎ አድማጭን የምመኝ፣

የቀድሞ ተማሪዎ
ቃለሕይወት ገብረየሱስ
ከልደታ

ተጨማሪ፦ ራኒያ ጽሑፏን የምታቀርበው ሰኔ 6፣ ቅዳሜ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ወይዘሮ ሸምሲያ ልጃቸውን ለመስማት ስለሚመጡ በዚያ ቀን አያጥቡም፤ ስለዚህ ከማስጫው ሥር ያለው የአየር ንብረት ለአንድ ቅዳሜ ያህል ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህንኑ ለሬዲዮ ጣቢያው እንዲያሳውቁ ይበረታታሉ።