ለልጃችን ሠርግ ከሌን ማን ያስወልቀኝ

አሰፌ፣ የናሆም አባት፤

ከተለየኸን አራተኛው ብርድ እየመጣ ነው። ይህን የምጽፍልህ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን፣ ከሥራ ስትመለስ ጫማህን ታወልቅበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ናሆም ያገባል። ልጅቷ ሜሮን ትባላለች፤ አንተ አልደረስክባትም። ወላጆቿ እዚሁ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ብታያት ትወዳት ነበር።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ምንጣፉን ቀይረውልናል፤ ሊፍቱ ዛሬም ይበላሻል። መኪናህን ናሆም ይነዳታል። የሹፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ ባንተ ላይ ቁመት ጨምሯል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ልብስ ነው። አትሳቅብኝ።

አንተን ከቀበርን ጀምሮ ከል እንደለበስኩ ነኝ። ለሥራም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለገበያም ጥቁር ነው። ነጠላዬንም ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ነው የምለብሰው። በአርባህ የመጡት ሴቶች «ለሙት ዓመቱ መጥተን እናስወልቅሻለን» ብለውኝ ነበር። ሙት ዓመትህ ሲደርስ አንዷ አትላንታ ገብታለች፤ አንዷ ሁለት ሥራ ይዛለች፤ ሌላዋ ደግሞ «ዘመዶቿ ለምነዋት እምቢ ብላ ነው» ብላ ተወችው። ማንም አልመጣም። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ሐዘንተኛ በገዛ እጇ ከሏን አታወልቅም። አዲስ ልብስ ይዘው፣ ለምነው፣ በቃሽ ብለው ያስወልቋታል። ራሴ ባወልቀው አንተን የረሳሁ መሰለኝ። ስለዚህ ጠበቅሁ። መጠበቄንም ለሰው አልተናገርኩም፤ ኑና አስወልቁኝ ተብሎ አይለመንም።

እየጠበቅሁ አባቴ የሞቱ ጊዜ ያደረግኸው ትዝ ይለኝ ነበር። ወረቀታችን ስላላለቀ ለቀብር አገር ቤት መግባት አልቻልኩም። ናሆም ገና ይድህ ነበር። ጥቁር ለብሼ ከቤት አልወጣም ባልኩበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከአየር ማረፊያው ሁለት የሥራ ባልደረቦችህን አስከትለህ መጣህ። ሥራ ላይ የሚለብሱትን የሚያብረቀርቅ ሰደርያ እንኳ አላወለቁም። «ሽማግሌ አምጥቻለሁ» አልክ። የሁለቱ ዕድሜ ቢደመር አንድ ሽማግሌ አይወጣውም። ሶፋው ላይ ተደርድረው «በይ እንግዲህ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ በቃሽ» ሲሉኝ፣ አንዱ ሳቁ እንዳያመልጠው ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። አንተ ከፌስታል ውስጥ ክሬም ቀለም ያለው ሹራብ አወጣህ። እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ይንጠለጠል ነበር። እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ለበስኩትም።

ከሌን የምታስወልቀኝ አንተ ነበርክ። አሁን የለበስኩት ደግሞ ላንተ ነው።

ናሆም ቀለበት ካሰረ ቆይቷል። ሠርጉን ግን አንዴ አራዘመው፣ ደግሞም አራዘመው። ለምን ስለው «ኖ ራሽ፣ ማሚ፤ ምን ያስቸኩላል» ይለኛል። በመጨረሻ ቀኑ ተቆረጠና አንድ ቅዳሜ የሙሽራ እናት ልብስ እንድመርጥ ሞል ወሰደኝ። ለሙሽራ እናቶች የተለየ ረድፍ አላቸው፤ ሁሉም ያብለጨልጫል። ሻጯ ሮዝ ቀሚስ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ለካችው። ከከል ወጥቼ በአንድ ጊዜ ሮዝ ውስጥ ልግባ? መሐል የተገኘሁ መስሎኝ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መረጥኩ። ለብሼው ስወጣ ናሆም ትክ ብሎ አየኝና «ማሚ፣ ኢት ኢዝ ስቲል ብላክ» አለኝ። ጥቁር አይደለም፣ ሰማያዊ ነው ብዬ ሞገትኩት፤ መብራቱ ሥር ሄጄም ቆምኩለት።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተሩን ሳያስነሣ፣ በአማርኛ ጠየቀኝ። ነገር ሲከብደው ወደ አማርኛ ይመለሳል።

«ሜሮንን አልወደድሻትም፣ አይደል? ለዚህ ነው ጥቁሩን የማትተዪው።»

አሰፌ፣ ልጃችን ጥቁሬን እንደዚያ ነበር የሚተረጉመው። ልጅቷን ቤት ያመጣት ቀን ጥቁር ለብሼ ተቀበልኳት። ሽማግሌ ሲልክም ጥቁር እንደለበስኩ መረቅሁት። ሠርጉን ያራዘመው እኔ እስክወድለት ብሎ ነበር። እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ ሰው እጠብቃለሁ፤ አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ ላይ። አማርኛ አስተማርነው፣ ጾም አስተማርነው፤ ይህን ግን አላስተማርነውም። የሹራቡ ቀን ሶፋው ሥር የሽማግሌዎችህን የጫማ ክር እየፈታ ነበር።

እዚያው መኪና ውስጥ ነገርኩት። «ሶ… ሰው መምጣት አለበት?» አለ። አዎ አልኩት። ሞተሩን አስነሣ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የሜሮን እናት ወይዘሮ ዘነበች ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ከአሌክሳንድሪያ መጥተዋል። ናሆም በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ከኋላቸው ቆሟል። ወይዘሮ ዘነበች ገና ሳይቀመጡ «ይቅር በዪን፣ እህቴ» አሉ፤ «ለምነውሽ እምቢ ያልሽ መስሎን ነው። ልጅ ከመስጠታችን በፊት አንቺን ከሐዘን ማውጣት ነበረብን።» ከዚያ ነጭ ቀሚስ ከነነጠላው ዘረጉ፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

«ወርቃማውን አምጪ ብያት አልሰማ አለችኝ» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ወርቃማው የሙሽራዋ እናት ነው። አንቺ ደግሞ የሰው ሠርግ ሁሉ ያንቺ ይመስልሻል» አለቻት ሌላዋ።

እንደ ደንቡ እምቢ አልኩ። ደግመው ለመኑኝ። ይሄኔ ናሆም መጥቶ ጉልበቴን ያዘ። ወይዘሮ ዘነበች መንገድ ላይ ያስጠኑት ሳይሆን አይቀርም፤ «እማዬ፣ በአባዬ አጥንት፣ በቃሽ» አለኝ። ማሚ ማለት ከጀመረ ወዲህ እማዬ ብሎኝ አያውቅም።

መኝታ ቤት ገብቼ ለበስኩት። ልክክ አለ፤ እጅጌው የእጄ አንጓ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው እልል አሉ። እኔ ግን የሚንጠለጠል እጅጌ ነበር የፈለግሁት።

ሹራቡ ዛሬ የለም፤ ስንት ዘመን ለብሼው ነተበ። የናሆምን የጥበቃ ዓመታት ግን ማን ይመልስለታል? እኔ አንተን ያከበርኩ እየመሰለኝ እሱን አስጠበቅሁት። አንተ ብትኖር አንድ እሑድ አትታገሥም ነበር፤ ከመንገድም ቢሆን ሽማግሌ ትሰበስብ ነበር።

ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ነጠላውን ስሞክር እጄ ለምዶ ዘቀዘቀው። አስተካከልኩት፤ ደግሞ ዘቀዘቀው። ቅዳሜ ጥለቱ ወደ ታች ይሆናል፤ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። በዓመት አንድ ቀን፣ ባረፍክበት ቀን፣ ወደ ላይ አዞረዋለሁ። ናሆም ያየኛል፤ ከእንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም። ማታ ሲመሽ ደግሞ መጥቶ ጥለቱን ወደ ታች ይመልስልኛል፤ አስተምሬዋለሁ።

ባለቤትህ፣
የናሆም እናት